«ግልጽ ነው» ያለው ማነው?

መቼም በእኛ አገር «ሒሳብ ደረሰኝ» ብሎ ጎረቤት ጠርቶ ቡና ያስፈላ ተማሪ አላጋጠመኝም። ሕክምና የደረሰው ልጅ ቤት እልልታ ይሰማል። ኢንጂነሪንግ የደረሰው ልጅ አባት እድር ላይ ድምፁ ከፍ ይላል። ሒሳብ የደረሰው ልጅ ቤት የሚሰማው ግን ሌላ ነው። «አይዞህ፣ ሁሉም ለበጎ ነው» ይሉታል። «እግዜር ያጽናህ» ማለት ብቻ ነው የቀራቸው።

የእህቴ ልጅ ሒሳብ ከደረሳቸው አንዷ ናት። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ይማርና ትምህርት ክፍል የሚደርሰው ከዚያ በኋላ፣ በምርጫውና በውጤቱ ነው። እሷ ሒሳብን የሞላችው አራተኛ ላይ ነበር። አራተኛው ደረሳት። እናቷ «አካውንቲንግ ቀይሪ» ብላ ይዛታለች። እኔ ደግሞ በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ለጥቂት ዓመታት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ «ናና አንድ በላት» ተብዬ ነሐሴ ላይ ወንጪ ወጣሁ።

ላልደረሰበት ሰው፣ ሐሮ ወንጪ ከአምቦ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። «ሐሮ» በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ነው። እሳተ ገሞራ በቦረቦረው ተራራ ውስጥ የተኛ ሐይቅ፣ በሐይቁ መካከል ደሴት፣ በደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም፣ ዙሪያውን እንሰትና ገብስ። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ መርጧታል። የእህቴ ልጅ ያደገችው እንግዳ በፈረስ አስቀምጣ ከአፋፉ እስከ ሐይቁ እየመራች ነው። ደብተርና እስክሪብቶ የተገዛላት በፈረስ ገንዘብ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

«ኤሱማ፣» አለችኝ። እዚያ አገር የእናት ወንድም የሚጠራው እንዲህ ነው። «ሲኒየሮቹ አንድ ኮርስ አለ ይላሉ። ሰው የሚጥል።»

«የትኛው?»

«አናሊሲስ የሚሉት።»

አንዱ ዩኒቨርሲቲ «ሪል አናሊሲስ» ይለዋል፣ ሌላው «አድቫንስድ ካልኩለስ» ብሎ ያስተምረዋል። ስሙ ቢለያይም ነገሩ አንድ ነው። ካልኩለስ ፈረስ መጋለብ ነው። አናሊሲስ ደግሞ «ለመሆኑ ይሄ ፈረስ የማይጥለኝ ለምንድነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። አስር ዓመት የጋለበ ሰው ይህን ጥያቄ ሲጠየቅ የሚመልሰው ሊያጣ ይችላል። ተማሪዎቹን የሚጥላቸውም እሱ ነው። ቀመር በቃሉ የሚያውቅ፣ ውጤቱ የማይታማ ልጅ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ «አስረዳ» ሲባል እስክሪብቶውን እንደያዘ ይቀራል።

የእሷ ዝግጅት በፌስታል ተቋጥሯል። ከሲኒየሮቿ የለመነቻቸው የሦስት ዓመት ፈተናዎች፣ ፎቶ ኮፒው የደበዘዘ ሃንድአውት፣ መልሱ በቀይ የተጻፈበት ወርክሺት።

«ፈተናው ይደጋገማል ይላሉ» አለችኝ። «እነዚህን ከሸመደድኩ አላልፍም?»

ታልፍ ይሆናል። እዚህ ላይ በልጅቷ መፍረድ አይቻልም። እስከ 8ኛ ክፍል ሒሳብን በኦሮምኛ ተማረች። 9ኛ ክፍል ስትገባ ያው ሒሳብ በእንግሊዝኛ መጣባት። ከዚያ በኋላ የተፈተነችው ፈተና በአብዛኛው «ትክክለኛውን ፊደል አጥቁር» ነው። የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ሰምተን አገር ምድሩ ደነገጠ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች 30 ሺህ እንኳ አልሞሉም። ስለወደቁት ብዙ ተባለ። ስላለፉት ግን «ያወቁትን ነገር ለምን እንደሆነ ይናገራሉ ወይ?» ብሎ የጠየቀ ብዙ ሰው አልሰማሁም። አራት ምርጫ ባለው ወረቀት ላይ «ለምን?» የሚባል ምርጫ የለማ!

ፌስታሉን ለጊዜው አስቀምጠን ወደ አፋፉ ወጣን።

ከላይ ሆኖ ሐይቁ ቁልቁል ይታያል። «ከዚህ ተነስተሽ እስከ ውኃው ድረስ ስትወርጂ፣» አልኳት፣ «ከአፋፉ ከፍታ በታች፣ ከውኃው ከፍታ በላይ የሆነ ማንኛውንም ከፍታ ልጥራልሽ። መንገድ ላይ የሆነ ቦታ እዚያ ከፍታ ላይ ትሆኛለሽ?»

«እንዴታ! ግልጽ ነው እኮ።»

«አስረጂኝ።»

ሳቀች። በትክክልም ያስቃል። ሺህ ጊዜ የወረደችው መንገድ ነው። ነገር ግን ይህ ጥያቄ የአናሊሲስ አንዱ ትልቅ ምሰሶ ነው። በርናርድ ቦልዛኖ የሚባል የፕራግ ቄስና መምህር እ.ኤ.አ. በ1817 ይህንኑ «ግልጽ» ነገር ሥዕል ሳይሥል፣ በምክንያት ብቻ ላስረዳ ብሎ አንድ ሙሉ ጽሑፍ አሳትሟል። ሰውዬው ሥራ ፈትቶ አልነበረም።

እስቲ እንዲህ እናስበው። በዓለም ላይ ያለው ቁጥር ክፍልፋይ ብቻ ቢሆንስ? ግማሽ፣ ሲሶ፣ ሰባት አምስተኛ፣ እነሱ ብቻ። ከ1 ተነስተን እስከ 2 እንራመድ፤ በእያንዳንዱ እርምጃ የቆምንበትን ቁጥር በራሱ እናባዛ። ስንነሳ 1 ነው፣ ስንደርስ 4 ነው። በመካከል 2 ላይ ማለፍ ነበረብን። ነገር ግን በራሱ ሲባዛ 2 የሚሰጥ ክፍልፋይ የለም። ይህን የጥንት ግሪኮችም አውቀውታል። ስለዚህ ከ1 ወደ 4 ስንወጣ 2ን ሳንረግጣት ዘለልናት ማለት ነው። መንገዱ ዓይን የማያየው ቀዳዳ ነበረበት።

ልጅቷ ዝም አለች። ቁልቁል መንገዱን አየችው። ከዚያ «ታዲያ የኛ ቁጥር ቀዳዳ እንደሌለው በምን ይታወቃል?» አለችኝ።

አንባቢዬ፣ እኔ ለዚህች ጥያቄ ስል ከአምቦ እስከ ወንጪ በእግሬ ብመጣም አይቆጨኝም። አናሊሲስ የሚጀምረው እዚች ላይ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እንደ ፈተና የሚፈራው የዋልተር ሩዲን መጽሐፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1953 የታተመው ማለት ነው፣ የሚከፍተው በዚሁ በ2 ጉዳይ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ሪቻርድ ዴዴኪንድ የሚባል ጀርመናዊ አለ። እ.ኤ.አ. በ1858 በ27 ዓመቱ ዙሪክ ውስጥ ካልኩለስ እንዲያስተምር ተመደበ። ሲያስተምር አንድ ቦታ ላይ ሥዕል ከማሳየት በቀር ማስረጃ እንደሌለው ገባው። እያደገ የሚሄድ፣ ግን ከአንድ ወሰን የማያልፍ ነገር የሆነ ቦታ ላይ እንደሚጠጋ «ግልጽ» ነው፤ ግን ለምን? ለተማሪዎቹ «ግልጽ ነው» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። አላለፈም። መልሱን ያገኘው በዚያው ዓመት ኅዳር 24 ቀን መሆኑን ራሱ መዝግቦታል፤ ያሳተመው ግን ከ14 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1872 ነው። እንግዲህ ለአናሊሲስ በመዘጋጀት የተጨነቀው ተማሪ ብቻ እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ። መምህሩም ተጨንቋል።

ማታ እሳት ዳር ሆነን ቆጮ በአይብ እየበላን ሁለተኛውን ነገር አነሳሁ። ሁለተኛው ነገር ትንንሽ ቃላት ናቸው። አናሊሲስ ውስጥ ሰው የሚወድቀው በትልልቅ ቀመር ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። የሚወድቀው «ሁሉ» እና «አንድ» በሚሉ ቃላት ነው፤ ማንኛው ቀድሞ እንደሚመጣ ባለመለየት ነው።

«ነምኒ ሁንዲ ሃዸ ቀባ» አልኳት በቋንቋዋ። ሰው ሁሉ እናት አለው።

«እውነት ነው።»

«አሁን ላገላብጠው። የሰው ሁሉ እናት የሆነች አንዲት ሴት አለች።»

«ኧረ እሱ ውሸት ነው!»

ቃላቱ ያው ናቸው። ሰው፣ ሁሉ፣ እናት፣ አንድ፣ አለ። የተለወጠው ቅደም ተከተሉ ነው። በመጀመሪያው ሰውየው ቀድሞ ይመጣል፣ እናቱ ትከተላለች፤ ለእያንዳንዱ የራሱ እናት። በሁለተኛው እናትየዋ ቀድማ ትቆምና ሁሉም ልጆቿ ይሆናሉ። ይህን የሰባት ዓመት ልጅ አይስተውም። ታዲያ ያው ነገር በእንግሊዝኛና በግሪክ ፊደል ሲጻፍ ጎበዙ ሁሉ ይስተዋል።

ደግሞ ጎበዝ ስል የእኛን ልጆች ብቻ አይደለም። ኦጉስተን ኮሺ የሚባለው ታላቅ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1821 ለፓሪስ ተማሪዎቹ ባሳተመው መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ፣ ያልተቆራረጡ ፈንክሽኖች ማለቂያ በሌለው ሰልፍ ሲደመሩና ድምሩ ሲጠጋ ውጤቱም ያልተቆራረጠ ይሆናል የሚል ሐሳብ አስፍሯል። በ1826 ኒልስ አቤል የሚባል ወጣት ኖርዌያዊ «ይህ እንኳ ሁልጊዜ አይሠራም» ብሎ ማፍረሻ ምሳሌ አመጣ። በዛሬ ዓይን ሲታይ ነገሩ የእናትና የልጅ ነገር ነው፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ የራሱ መልስ መኖሩና ለሁሉም ነጥብ የሚሆን አንድ መልስ መኖሩ ይለያያል። ኮሺን የሚያህል ሰው ያሳተውን ነገር አንዲት የወንጪ ልጅ በመጀመሪያው ሴሚስተር ብትደናገርበት ምን ይገርማል?

ሦስተኛው ነገር ያ ስሙ ሲጠራ የሚያንቀጠቅጠው ኤፕሲሎንና ዴልታ ነው። እኔ መሬት አደረግሁት።

«10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ቦታ አለሽ እንበል። ስፋቱ 100 ካሬ ሜትር። ጎኑን ስትለኪ ገመዱ ትንሽ ይሳሳታል። ጎረቤትሽ መጥቶ ‘ስፋቱ ላይ ከ1 ካሬ ሜትር በላይ ስህተት አልቀበልም’ ቢልሽ፣ ጎኑ ላይ ምን ያህል ስህተት ትፈቅጂያለሽ?»

በስልኳ አሰላች። «5 ሳንቲ ሜትር» አለች መጀመሪያ። 10 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር በራሱ ሲባዛ 101.0025 ሆነ። በጥቂት አለፈ። «4 ሳንቲ ሜትር ይበቃል።» ልክ ነው፣ 0.8016 ብቻ ነው የሚሳሳተው።

«አሁን ጎረቤትሽ ተቆጣ። ‘ከ0.1 በላይ አልፈልግም’ አለ።»

«4 ሚሊ ሜትር።»

«ነገ ተመልሶ ሌላ ቁጥር ቢጠራስ? ከነገ ወዲያስ?»

እናቷ፣ ምጣዱ ጋ ሆና እንጀራ እየጋገረች፣ ሳታስበው ገባች። «ቆይ፣ ማነው ቀድሞ የሚናገረው? ልጅቷ ናት ወይስ ሰውየው?»

ሁለታችንም ዞር ብለን አየናት።

«ሰውየው ነዋ ቀድሞ መናገር ያለበት» አለች ሊጡን እያዞረች። «እሷ ቀድማ ከተናገረች ሰውየው ሁልጊዜ ከእሷ ያነሰ ይጠራና ያሸንፋታል። ጠያቂ ይጠይቅ፣ ተጠያቂ ይመልስ። ሽማግሌ ፊት እንደዚህ ነው።»

እህቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈችም። የተናገረችው ግን የኤፕሲሎንና የዴልታ ሕግ ነው። ጠያቂው የፈለገውን ያህል ጥቃቅን ወሰን ይጥራ፤ ተጠያቂው ለእሱ የሚበቃ መልስ ያምጣ። የእኛ የድሮ ሙግት ከዚህ ይለያል? «ተጠየቅ!» ሲል ከሳሽ፣ ተከሳሽ ቆሞ ይመልሳል። «በላ ልበልሃ» የሚባለው ያ ክርክር ቃል በቃል የሚመዘንበት፣ ማን ቀድሞ ምን እንዳለ የሚቆጠርበት ነበር። ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነገር የሚፈቱ የኦሮሞ ጃርሶችም ጠያቂን አስቀድመው፣ ተጠያቂን አስከትለው ነው የሚሰሙት። ከዚህ ሁሉ የክርክር ባህል የወጣ ልጅ ክፍል ሲገባ አፉ የሚዘጋው ለምንድነው?

ልጅቷ ግን ገና ጎረቤቱን አላሸነፈችም። በየቀኑ አዲስ ቁጥር ይዞ ቢመጣ በየቀኑ ልታሰላ ነው? እርሳስ ይዛ ቁጭ አለች። ሌሊቱ ሄደ። ከእኩለ ሌሊት በፊት አንድ ሐሳብ አመጣች። «ኤሱማ፣ ቁጥሩን ለ21 ባካፍለውስ?» ጠያቂው የጠራው ቁጥር ከ1 የማይበልጥ ከሆነ ለ21 አካፍሎ መስጠት ምንጊዜም ይበቃል፤ ምክንያቱም የስፋቱ ስህተት የጎኑ ስህተት 20 እጥፍና የዚያው የጎኑ ስህተት በራሱ ሲባዛ ድምር ነው፤ ከ1 ያነሰ ቁጥር ደግሞ በራሱ ሲባዛ ይብሱን ያንሳል። ስለዚህ ከ21 እጥፍ አያልፍም። ጎረቤቱ ለዘላለም ቢመላለስ መልሱ አንድ ነው። «አስረዳ» ማለት ይህ ነው። ማስረዳት ለአንድ ጥያቄ መልስ መስጠት አይደለም፤ ገና ላልተጠየቀው ሁሉ መልስ ሰጥቶ መተኛት ነው።

ፌስታሉን በነጋታው ከፈትነው። ያንኑ ያለፈ ፈተና አሁን ስታየው ሌላ ሆኖ ታያት። የመጀመሪያው ዓመት የተፈጥሮ ሳይንስ ሒሳብ ትምህርት የሚጀምረው በሎጂክና በስብስብ እንደሆነ ታስታውሳለች። ያኔ የእውነትና የሐሰት ሠንጠረዥ ሞልታ፣ ነጥቧን ይዛ ረስታዋለች። ለካ ያ ምዕራፍ ለዚህ ኮርስ የተቀመጠ ደረጃ ኖሯል።

ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ይኖር ይሆናል። በቀን አንድ ትርጓሜ ብቻ ያንብብ። በእንግሊዝኛ ካነበበው በኋላ በእናቱ ቋንቋ፣ ሒሳብ ለማያውቅ ሰው ጮክ ብሎ ይናገረው፤ መናገር ካቃተው አልገባውም። ቀጥሎ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ያፍርሰው፤ «ይህ ውሸት የሚሆነው ምን ሲሆን ነው?» ይበል። «ሰው ሁሉ እናት አለው» የሚለው የሚፈርሰው እናት የሌለው አንድ ሰው ሲገኝ ነው፤ ሁሉም እናት አልባ እስኪሆኑ አይጠበቅም። ከዚያ የሚያፈርስ ምሳሌ በደብተሩ ጀርባ ያጠራቅም፤ አቤል ኮሺን የረታው በአንድ ምሳሌ ነው። የሌላ ሰው ማስረጃ ሲያነብ ደግሞ እየሸፈነ ያንብብ፤ ቀጣዩን መስመር ራሱ ሞክሮ ሲያቅተው ብቻ ይግለጥ። አንድ ጓደኛም ይፈልግ፤ እሱ ሲያስረዳ ጓደኛው «ለምን?» እያለ ያድርቀው። ቀመሩማ መጽሐፉ ላይ አለ፣ የትም አይሄድም።

የሄድኩ ዕለት እህቴ የትምህርት ክፍል መቀየሪያውን ወረቀት ከሳጥን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ይኼ ሁሉ ጥሩ ነው» አለች። «ግን ሒሳብ እንጀራ እንደማያበላ ግልጽ ነው።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። «እማ፣ ግልጽ ነው ያልሽውን አስረጂ።»

እናት አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው፣ ከዚያ ሳቋ መጣ። ወረቀቱን ግን አላነሳችም፤ እንጀራ የማያስቅ ጉዳይ መሆኑን ታውቃለች። እኔም አልፈረድኩባትም። ሒሳብ የተማረ ልጅ ሥራ ሲፈልግ ምን ያህል እንደሚንከራተት አይቻለሁ። ሒሳብ ተምሮ ባንክ የገባ፣ ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ፣ አስተማሪ ሆኖ የቀረ ሰውም አይቻለሁ። ልጅቷ «አንዱን ሴሚስተር ልየውና እንነጋገር» ብላ ተስማሙ። ምን እንደሚሆን ገና አልታወቀም።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከእሷ ሴሚስተር ይሰፋል። በየስብሰባው፣ በየሬዲዮኑ፣ በየቤታችን «እንደሚታወቀው»፣ «ግልጽ ነው»፣ «ሁሉም ሰው ያውቃል» እየተባለ የሚነገረውን እስቲ አንድ ቀን ቁጠሩት። «ሁሉም» የተባለው ስንቱ ነው? «ሁልጊዜ» የተባለው ከመቼ እስከ መቼ ነው? አንዱን አይቶ «እነሱ ሁሉ እንዲህ ናቸው» የሚል ሰው እኮ ኮሺን ካሳተው ጉድጓድ ገብቶ ነው ያለው፤ ልዩነቱ የኮሺ ስህተት ሰው አላፈናቀለም። ለልጅ «ለምን?» ማለትን ድፍረት፣ «አስረዳ» ማለትን ንቀት አድርገን ካሳደግነው በኋላ ዩኒቨርሲቲ ስንልከው በአንድ ሴሚስተር ተጠያቂ እንዲሆን እንጠብቃለን። ይህ አይሆንም፤ አለመሆኑም እንዲሁ ግልጽ አይደለም፣ ያየነው ነው።

ስለዚህ ልጃችሁ ሒሳብ ደርሶት ቤት ከገባ ለቅሶ አትድረሱት። ቡናውን አፍሉና አንድ ነገር እንዲያስረዳችሁ ጠይቁት። ሲያስረዳም አታቋርጡት። ካልተስማማችሁ «ግልጽ አይደለም» በሉት። ደስ ይለዋል።